የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ፍጥነትና የፕሮፔለር ምርጫ፦ በጣና ከፍታ ላይ



ለዛሬው ንግግር መነሻ የሆነኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጣና ላይ የሚሠሩ አንድ በዕድሜ የገፉ ዓሣ አስጋሪ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ አዲስ ፕሮፔለር ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። «መምህር፣ ይህን የገዛሁት ጀልባዬ እንድትፈጥንልኝ ነበር። ሻጩም ከድሮው ይልቅ በአንድ ዙር ብዙ ርቀት ይሄዳል ብሎኝ ነበር። እኔ ግን ከገጠምኩት ወዲህ ቀድሞ ከምደርስበት ሰዓት ዘግይቼ ነው የምገባው። የተሳሳትኩት የቱ ላይ ነው?» አሉኝ። ሻጩ አልዋሸም፤ እርሳቸውም በአስተሳሰባቸው አልተሳሳቱም። ሁለቱም ያላሰቡት ነገር ጣና የሚገኝበትን ከፍታ ነበር።

ጉዳዩ ለእኒያ ሰው የቅንጦት አይደለም። በጣና ላይ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ለንግድ ዓሣ ማስገር በሰፊው የገቡት እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሥራው በአብዛኛው ከደንገል በሚሠራው ታንኳ ላይ የተመሠረተና ከዳር ብዙ የማይርቅ ነበር። ሐይቁ በርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ በወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማለዳ መረቡን ያነሣ ሰው ቀረሶውን፣ አምባዛውንና ነጭ ዓሣውን ይዞ ፀሐይ ሳትበረታ ገበያ መድረስ አለበት። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ማዕበሉም የተጫነ ጀልባን ያስፈራል። ስለዚህ የግማሽ ሰዓት ልዩነት የዓሣው ዋጋ ልዩነት ነው፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ከዚያም ያለፈ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ቃላቱን እናጥራ። በፕሮፔለሩ እምብርት ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቁጥሮች ተቀርጸው ይገኛሉ። የመጀመሪያው ዲያሜትሩ ነው፤ ክንፎቹ ሲዞሩ የሚሠሩት ክብ ስፋት ማለት ነው። ሁለተኛው ፒች ይባላል፤ እኔ በአማርኛ «እርምጃ» ብዬ እጠራዋለሁ። ሁለቱም የሚለኩት በኢንች ነው። አንድን ብሎን እንጨት ውስጥ ስታስገቡ በአንድ ሙሉ ዙር የተወሰነ ርቀት ይገባል። ፕሮፔለርም ውኃው እንደ እንጨት የጸና ቢሆን ኖሮ በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት እርምጃው ነው። 13 ኢንች እርምጃ ያለው ፕሮፔለር በአንድ ዙር 33 ሳንቲ ሜትር ያህል ይራመዳል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የጀልባን ፍጥነት ማስላት ቀላል ይመስላል። የሞተሩን ዙር በደቂቃ ውሰዱ፤ ለማርሹ ንፅፅር አካፍሉት፤ ምክንያቱም ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንድ ጊዜ ብቻ የሚዞርባቸው ሞተሮች ብዙ ናቸው። ውጤቱን በእርምጃው አባዙት፤ ከዚያም ወደ ኪሎ ሜትር በሰዓት ለውጡት። ውኃ ግን እንጨት አይደለም፤ ከክንፉ ሥር ይሸሻል። በስሌቱ ፍጥነትና በእውነተኛው ፍጥነት መካከል ያለው ልዩነት ስሊፕ ይባላል፤ የሚያመልጥ እርምጃ ነው። ስሊፕ ጉድለት ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታስቡ። ምንም ስሊፕ የሌለው ፕሮፔለር ውኃውን ወደ ኋላ አይገፋም፤ ውኃውን ካልገፋም ጀልባዋን ወደ ፊት አያስኬድም። ጥያቄው ምን ያህል ያመልጣል የሚለው ነው።

የሻጩ ምክር በዚህ ስሌት ላይ የቆመ ነበር፤ እርምጃው ከጨመረ ፍጥነቱ ይጨምራል የሚል። ስሌቱ ትክክል የሚሆነው የሞተሩ ዙር ሳይቀንስ ሲቀር ብቻ ነው። ቁም ነገሩ ያለውም እዚህ ላይ ነው።

ከዓባይ ድልድይ ተነሥቶ ወደ ጎሐ ጽዮን የሚወጣ የጭነት መኪና ሹፌርን አስቡ። ዳገቱን በከባድ ማርሽ ልውጣ ቢል ሞተሩ ያጓራል፣ ዙሩ ይወርዳል፣ መኪናውም ይዝላል። ማርሹን ዝቅ ሲያደርግ ጎማው በአንድ የሞተር ዙር የሚሄደው ርቀት ያንሳል፤ መኪናው ግን ይፈጥናል። ከጀልባ ኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ወደ ፊት የሚሄድበት ማርሽ አንድ ብቻ ነው። ሹፌሩ በመንገድ ላይ በእጁ የሚሠራውን ሥራ ዓሣ አስጋሪው ገና ከዳር ሳይነሣ ፕሮፔለሩን ሲመርጥ ይጨርሰዋል። ከተሳሳተም ቀኑን ሙሉ በተሳሳተ ማርሽ ይነዳል።

በዚህ ረገድ መገረም ከእኒያ ሰው አልተጀመረም። እንግሊዛዊው ገበሬ ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1837 ከእንጨት የተሠራ፣ ሁለት ሙሉ ዙር የሚጠመዘዝ ፕሮፔለር በአንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ሲሞክር መሣሪያው ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቶ ግማሹ ተሰበረ። ጀልባዋም ከመቆም ይልቅ ከቀድሞው በላይ ፈጠነች። የቀረው አጭር ቁራጭ በውኃ ላይ የሚፈጥረው ሰበቃ አነስተኛ ስለ ነበር፣ ሞተሩ ጉልበቱን በሚገባ መጠቀም ቻለ።

አሁን ወደ ከፍታው ልምጣ። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታና በባሕር ዳር የቀን ሙቀት፣ አንድ ሊትር አየር በባሕር ወለል ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ስለ ሆነ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። በሽፋኑ ላይ 40 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት ሞተር እዚህ የሚሰጠው 32 ገደማ ነው። ዓሣ አስጋሪው የከፈለው ለ40 ነው፤ ስምንቱ አየር ላይ ቀርተዋል።

ውኃው ግን አልቀለለም። የጣና ውኃ አንድ ሊትሩ በየትኛውም ዝቅተኛ ቦታ ካለ ጨው አልባ ውኃ ጋር እኩል ይመዝናል። ስለዚህ ሞተሩ ሲደክም ፕሮፔለሩ የሚጠይቀው ጉልበት ባለበት ይቆያል። ፋብሪካው ከሞተሩ ጋር የሚልከው ፕሮፔለር በአብዛኛው ለባሕር ወለል የተመረጠ ነው፤ ሣጥኑን የሚከፍተው ሰው በየትኛው ሐይቅ ላይ እንደሚሠራ ፋብሪካው አያውቅም። በ1,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የሐዋሳ ሐይቅና ከእርሱ ጥቂት ዝቅ የሚለው ዝዋይም በዚሁ ችግር ውስጥ ናቸው።

ፕሮፔለር የሚጠይቀው ጉልበት በግርድፉ ከዙሩ ኪዩብ ጋር ያድጋል፤ ዙሩ በእጥፍ ቢጨምር ጉልበቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል። በባሕር ወለል በ5,500 ዙር 40 የፈረስ ጉልበት የሚበላ ፕሮፔለር፣ 32 ብቻ ሲያገኝ ዙሩ ወደ 5,100 ይወርዳል። በዝቅተኛ ዙር ሞተሩ ራሱ የሚሰጠው ጉልበት ስለሚቀንስ በተግባር ከዚያም ዝቅ ይላል። መረብ፣ ዓሣና ሦስት ሰው ሲጨመርበት 4,700 ላይ ቢያዝ አልደነቅም። ከ5,000 እስከ 6,000 ባለው ክልል ውስጥ እንዲሠራ የተነደፈ ሞተር ከክልሉ በታች ተቀርቅሮ ቀረ ማለት ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። የማርሹ ንፅፅር ሁለት ለአንድ ይሁን። በ13 ኢንች እርምጃ፣ በ4,700 ዙር፣ የስሌቱ ፍጥነት በሰዓት 46.6 ኪሎ ሜትር ነው። እርምጃውን ወደ 11 ኢንች እናውርደው። አንድ ኢንች መቀነስ እንደ ሞተሩ ከ150 እስከ 200 ዙር ይመልሳል ተብሎ ይገመታል፤ ጀልባዋ አፍንጫዋን ጥላ በውኃው ገጽ ላይ መሮጥ ከቻለች ግን ጭማሪው ከዚያም ይበልጣል። 5,200 ላይ ደረሰ እንበል። የስሌቱ ፍጥነት 43.6 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በወረቀት ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ከሰርን። ይሁን እንጂ በ4,700 ዙር የታፈነችው ጀልባ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አቅንታ ውኃ እየገፋች ስለምትሄድ የሚያመልጠው እርምጃ 30 በመቶ ቢሆን እውነተኛ ፍጥነቷ 32.6 ነው። ሁለተኛዋ ከውኃው ተነሥታ ስለምትሮጥ የሚያመልጣት 20 በመቶ ብቻ ቢሆን 34.9 ታገኛለች። የስሊፕ መጠኖቹን እንደ ምሳሌ የያዝኳቸው ናቸው፤ ለእያንዳንዱ ጀልባ ሊለኩ ይገባል። የጉልበቱ ጉዳይ ግን ምሳሌ ብቻ አይደለም። የሞተሩ የማዞር ኃይል በዚህ ክልል ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ በ4,700 ዙር የሚሠራ ሞተር በ5,200 ሊሰጥ ከሚችለው አንድ አሥረኛውን ሳይጠቀምበት ይመለሳል።

እዚህ ላይ መካኒኮች ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ አለ፤ «ካርቡሬተሩን ብናስተካክለውስ?» ማስተካከሉ ተገቢ ነው። በቀጭን አየር ውስጥ የፋብሪካው ቀዳዳ ከሚገባው በላይ ነዳጅ ስለሚያሳልፍ ሞተሩ ይጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። አነስ ያለ የነዳጅ ማለፊያ መግጠም ብክነቱን ያስቀራል፤ የጎደለውን አየር ግን አያመጣም። ካርቡሬተሩ ከተስተካከለ በኋላም ፕሮፔለሩ ለሞተሩ ከባድ ሆኖ ይቆያል።

ፍጥነቱን እንተወው ብንል እንኳ፣ የታፈነ ሞተር ዕድሜው አጭር ነው። ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ ዙሩ ሲያንስ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊትና ሙቀት ይበረታል፣ ካርቦን ይከማቻል፣ ፒስተኑም ሊነክስ ይችላል። ከዳር 20 ኪሎ ሜትር ርቆ ሞተሩ የተነከሰበት ሰው ቀዘፋ ሊጀምር ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው መመዘኛ ፍጥነት ሳይሆን ዙር መሆን አለበት የምለው፤ ነዳጁ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ሞተሩ አምራቹ በመመሪያው ወደ ጻፈው የዙር ክልል ይደርሳል ወይ? ከደረሰ ፕሮፔለሩ ልክ ነው። ካልደረሰ እርምጃው ይቀነስ። ካለፈ ደግሞ እርምጃው ይጨመር፤ ያን ጊዜ የሻጩ ምክር ትክክል ይሆናል።

«ሙሉ በሙሉ ሲከፈት» ስል ግን በየትኛው ጭነት? ለመዝናኛ ጀልባ ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም። የዓሣ ጀልባ ግን ማለዳ ቀላል ሆና ትወጣለች፣ ከባድ ሆና ትመለሳለች። በባዶዋ ብትመርጡላት ስትመለስ ትታፈናለች፤ በጭነቷ ብትመርጡላት ስትወጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሊሽከረከር ይችላል። አምራቾች አንድ ቁጥር ሳይሆን የ1,000 ዙር ስፋት ያለው ክልል የሚሰጡት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከሙሉ ጭነት ጋር ቢያንስ የክልሉን ታችኛ ጫፍ እንድትነካ፣ በባዶዋ ደግሞ ላይኛውን ጫፍ እንዳታልፍ አድርጋችሁ ምረጡ። ሁለቱን ማስማማት ካልተቻለ ለጭነቱ አድሉ። በባዶ ጀልባ ላይ ያለ ሰው ነዳጁን ትንሽ መቀነስ ይችላል፤ በተጫነች ጀልባ ላይ ያለ ሰው የሌለውን ጉልበት መጨመር አይችልም።

ከዚህ በፊት ግን የያዛችሁትን ፕሮፔለር እወቁት። በገበያችን ያገለገለ ዕቃ ብዙ ነው፤ ቁጥሩ የጠፋ፣ ድንጋይ መትቶት በመዶሻ የተቃና፣ ጫፉ ተበይዶ የተሞረደ። እርምጃውን በቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ። ፕሮፔለሩን በጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ በእምብርቱ አስቀምጡት። ከመሐል እስከ ክንፉ ጫፍ ካለው ርቀት 70 በመቶው ላይ ምልክት አድርጉ። በዚያ ቦታ የክንፉ አንደኛው ጠርዝ ከጠረጴዛው ያለውን ከፍታ፣ ከዚያም የሌላኛውን ጠርዝ ከፍታ ለኩና ልዩነቱን ያዙ። ቀጥሎ በሁለቱ ጠርዞች መካከል ያለውን ማእዘን ከመሐል ሆናችሁ ለኩ። ማእዘኑ 60 ዲግሪ ከሆነ የሙሉ ዙር አንድ ስድስተኛ ነው፤ ስለዚህ የከፍታው ልዩነት 4.7 ሳንቲ ሜትር ቢሆን እርምጃው ስድስት እጥፉ፣ ማለትም 28.2 ሳንቲ ሜትር ወይም 11 ኢንች ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ክንፍ ድገሙት። ክንፎቹ እርስ በርሳቸው የሚለያዩ ከሆነ ያ ፕሮፔለር ሞተሩን ያንቀጠቅጣል፤ ስለ ፍጥነት ከማሰብ በፊት እርሱን መተው ነው። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎቼ ይህን በአንድ ሰዓት ውስጥ ይሠሩታል፤ ፕሮትራክተር፣ ማስመሪያና ትዕግሥት ይበቃል።

ዲያሜትርን በአጭሩ ልለፈው። በመርሕ ደረጃ ሰፊና በዝግታ የሚዞር ፕሮፔለር ከጠባብና ፈጣኑ ይልቅ ጉልበትን በተሻለ ይጠቀማል። ሆኖም በተንጠልጣይ ሞተር ላይ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ስፋቱን ይወስነዋል፤ አምራቾችም ዲያሜትሩን ከእርምጃው ጋር አስማምተው ስለሚሠሩት ምርጫው ጠባብ ነው። የክንፍ ብዛትን በተመለከተ፣ ባለ ሦስት ክንፉ በአብዛኛው ጥቂት ይፈጥናል፤ ባለ አራት ክንፉ ጭነት ይዞ ለመነሣትና በማዕበል ውስጥ ውኃውን ላለመልቀቅ ይሻላል። ከባድ ጀልባ ላለው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ስለ ማቴሪያል ግን አስተያየት አለኝ። አይዝጌ ብረት ከአሉሚኒየም ይልቅ ጠንካራ ስለ ሆነ ክንፉ ቀጭን ሆኖ ይሠራል፣ ሲጫንም አይጎብጥም፤ በዚህም ትንሽ ፍጥነት ይገኝበታል። ጣና ግን ጥልቀቱ በአማካይ 8 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ዳርቻው በብዙ ቦታ ጥቁር ድንጋይ የሆነ ሐይቅ ነው። አሉሚኒየም ድንጋይ ሲመታ ራሱ ይጎዳል፤ ጠንካራው ብረት ግን ምቱን ወደ ማርሹ ሊያሳልፈው ይችላል። እኔ ብሆን አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ፣ በቀረው ገንዘብም መለዋወጫ እይዛለሁ። በፕሮፔለሩ እምብርት ውስጥ ያለውን ላስቲክም አትርሱት። እርሱ ሲላላ ሞተሩ ይጮኻል፣ ዙሩ ይወጣል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም፤ ይህን ያየ ሰው እርምጃው አንሶ ነው ብሎ ትልቅ ፕሮፔለር ሊገዛ ይችላል።

ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ሐይቃችንን የወረረው እምቦጭም የራሱ ድርሻ አለው። ግንዱና ሥሩ በክንፎቹ ላይ ሲጠመጠም ምርጥ የሚባለው ፕሮፔለር ጥቅም የለውም። ከእምቦጩ ይልቅ ተንኮለኛው ግን የመረብ ክር ነው። ከፕሮፔለሩ ኋላ ገብቶ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል፣ የዘይት መያዣውን ጎማ ይቆርጣል፣ ውኃም ወደ ማርሹ ይገባል። በየጊዜው ፕሮፔለሩን አውጥቶ ዘንጉን ማየት ምንም ወጪ የለውም።

የሞተሩ አቀማመጥም መታየት አለበት። ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ጠፍጣፋ ብረት ከጀልባዋ ወለል ጋር በአንድ መስመር ገደማ ላይ መሆን ይገባዋል። ሞተሩ ከዚያ በጣም ከፍ ካለ ፕሮፔለሩ ከላይ አየር ይስብና በአየር ውስጥ ይሽከረከራል፤ በጣም ከወረደ ደግሞ እግሩ ውኃ እየጎተተ ፍጥነት ይበላል። ይህን አየር መሳብ ከካቪቴሽን ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው። ካቪቴሽን በክንፉ ጀርባ ላይ ግፊቱ እጅግ ሲወርድ ውኃው ራሱ ሳይሞቅ የሚፈላበት ሁኔታ ነው። ቻርልስ ፓርሰንስ በ1890ዎቹ «ተርቢኒያ» የተባለች መርከቡን ሲሞክር በዚሁ ምክንያት ያሰበውን ፍጥነት አላገኘም፤ መፍትሔ ያገኘውም ሥራውን በሦስት ዘንጎች ላይ በተተከሉ ዘጠኝ ፕሮፔለሮች አከፋፍሎ ነው። እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚያንስ ውኃው በዚህ መንገድ ለመፍላት ጥቂት ይቀርባል፤ ለዓሣ ጀልባ ግን ከእርሱ በፊት ሌሎቹ ችግሮች ይመጣሉ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። የትኛውም ፕሮፔለር የማያፈጥናቸው ጀልባዎች አሉ። ከብረት የተሠራ፣ ሆዱ ክብ፣ ከባድ ጀልባ ከውኃው ላይ ተነሥቶ አይሮጥም፤ ውኃውን እየሰነጠቀ ብቻ ይሄዳል። የዚህ ዓይነቱ ጀልባ የፍጥነት ጣሪያ በርዝመቱ የተወሰነ ነው፤ በውኃው መስመር ላይ ያለውን ርዝመት በሜትር ወስዳችሁ ስኩዌር ሩቱን በ4.5 ብታባዙ ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሰጣችኋል። 7 ሜትር ለሆነ ጀልባ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ነዳጅ መጨመር የሚያስነሣውን ማዕበል ያሳድጋል እንጂ ጀልባውን አያፈጥነውም። ለእንዲህ ያለ ጀልባ ትክክለኛ ፕሮፔለር የሚያተርፈው ነዳጅ ነው፤ ባለቤቱም ይህን ሳያውቅ ገንዘቡን ማውጣት የለበትም።

ወደ እንግዳዬ ልመለስ። «ጋሼ፣ አዲሱን ገና አይጣሉት፤ መጀመሪያ ሐይቁ ላይ እንለካ» አልኳቸው። የጀልባዋን ሆድ ከአረንጓዴው ዝቃጭ አጸዳን፤ በወለሉ ሥር ተጠራቅሞ የነበረውን ውኃ አወጣን፤ እርሱ ብቻውን የሁለት ሰው ክብደት ሳይሆን አይቀርም። ከካንዴላው ገመድ ላይ የሚጠመጠም ርካሽ ዙር መቁጠሪያ ገጠምን፤ ፍጥነቱን በስልክ ጂፒኤስ ያዝን። ነፋሱ እንዳያታልለን እያንዳንዱን ሙከራ በሄድንበት መስመር ተመልሰን ደገምነው፤ አማካዩንም ወሰድን። በአዲሱ ፕሮፔለር ሞተሩ የክልሉን ታችኛ ጫፍ አልነካም። በአሮጌውም አልነካም፤ ሰውየው ከመጀመሪያውም በታፈነ ሞተር ሲሠሩ ኖረዋል። ከአንድ ባልደረባቸው ከአሮጌው በሁለት ኢንች ያነሰ ፕሮፔለር ተውሰን ገጠምን። ሞተሩ ድምፁ ተለወጠ። እርሳቸው ቁጥሩን ሳያዩ «ይኸው ተነሣች» አሉ።

አዲሱን ፕሮፔለር ሻጩ መልሶ ስላልተቀበላቸው ለእኛ ሰጡን። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ያለው እርሱ ነው፤ ፕሮትራክተሩና ማስመሪያውም አጠገቡ አሉ። ፕሮፔለራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አሁን አብረን እንለካዋለን፤ የቀራችሁ ጥያቄዎቻችሁን ማቅረብ ትችላላችሁ።